ሁለቱን ወገን ያስተካከለ ሰው
የኬሚስትሪው ሊቅ የላቯዚዬ የሕይወት ታሪክ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ ለእንደኔ ያለ ተማሪ ቀላል እንዳይደለ ዐውቃለሁ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ከየክፍሉ አንድ የሕይወት ታሪክ እንዲቀርብላቸው ባሳሰቡ ጊዜ፥ ጓደኞቼ የነገሥታትንና የአርበኞችን ስም ሲመርጡ፥ እኔ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ለመጻፍ እጄን አወጣሁ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ለመሳቃቸውም በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያው ሳምንት በኬሚስትሪ ፈተና ከ20 ማርክ 4 ብቻ ያገኘሁት እኔ ነበርሁና።

ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥሁ ለማስረዳት አስቀድሜ ሁለት ጥፋቶቼን መናገር ይገባኛል። የመጀመሪያው የፈተናው ነው። ጥያቄው ሃይድሮጂን በኦክሲጂን ውስጥ ሲነድ ውሃ የሚሆንበትን እኩልታ አመጣጥኑ የሚል ነበር። አንድ የሃይድሮጂን ሞለኪውል ሁለት አቶም አለው፤ አንድ የኦክሲጂን ሞለኪውልም እንዲሁ ሁለት አቶም አለው። ውሃ ግን ሁለት ሃይድሮጂንና አንድ ኦክሲጂን ብቻ ነው። ስለዚህ በግራ ወገን ሁለት ኦክሲጂን ሲኖር በቀኝ ወገን አንድ ብቻ ሆነብኝ። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ ከውሃው ኦክሲጂን ግርጌ ትንሽ ሁለት ቁጥር ጻፍሁበት። ብቈጥረው ልክ መጣ፤ ደስ ብሎኝም ወረቀቴን አስረከብሁ።

መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ ተሰርዟል። ጠርተውም የሠራሁት ነገር ውሃ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ያ የጻፍሁት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይባላል፤ በጤና ጣቢያ ቁስል ሲታጠብ አረፋ እያወጣ የሚፈላው መድኃኒት ነው። ለተጠማ ሰው በውሃ ፈንታ ቢሰጡት ይጐዳዋል። ቁጥሩ ልክ እንዲመጣልኝ ብዬ ነገሩን ራሱን ለውጬዋለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የቤት ነው። እናቴ ከቀሐ ወንዝ ወዲህ ትንሽ ሱቅ አላት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሸጠው እኔ ነበርሁ፤ የሱቁም ቁልፍ በእጄ ነበር። የገባውንና የወጣውን በደብተር እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከመሳቢያው ገንዘብ አውጥቼ ያለ እናቴ ፈቃድ ለአንድ ጓደኛዬ አበደርሁ። ማታ ሒሳቡ ጐደለ። ፈራሁና ዘይት የተሸጠበትን መስመር ሰርዤ ጨው ተሸጠ ብዬ ጻፍሁ። ጨው ርካሽ ስለ ሆነ ድምሩ ካለው ገንዘብ ጋር ልክ መጣ። እናቴ ግን ደብተሩን ከማየቷ በፊት መደርደሪያውን ቈጠረች። የዘይቱ ጠርሙስ ጐድሏል፤ ጨው ከቦታው አልተነቃነቀም። አልመታችኝም፤ አልተቈጣችኝምም። ቁልፉን ብቻ ከእጄ ወስዳ በመቀነቷ ቋጠረችው።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የነበረው ዝምታ ከዱላ ይልቅ ከበደኝ። በዚህ መካከል መምህራችን ስለ እኩልታ ማመጣጠን መነሻ እንዳነብ አዘዙኝ፤ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘሁት መጽሐፍ ውስጥም ይህን ሰው አገኘሁት። ሁለቱ ጥፋቶቼ አንድ ጥፋት እንደ ሆኑ የገባኝ ታሪኩን ካነበብሁ በኋላ ነው።

አንቷን ሎራን ላቯዚዬ ኦገስት 26 ቀን 1743 ዓ. ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት ዳግማዊ ኢያሱ ሲሆኑ፥ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ከቀሐ ማዶ በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩ ናቸው። የላቯዚዬ አባት የሕግ ሰው ነበር። እናቱ ልጁ ገና 5 ዓመት ሲሆነው ሞተችበት፤ ስለዚህ በአያቱና በአክስቱ እጅ አደገ። ማዛረን በሚባለው ኮሌጅ ተማረ፤ በዚያም ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት አጠና። የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በሕግ ተመረቀ፤ ልቡ ግን በሳይንስ ተማርኮ ነበርና በጥብቅና ሥራ አልቈየም።

የመጀመሪያ የኬሚስትሪ ጥናቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1765 ዓ. ም. ገና በ21 ዓመቱ ነው። ጥናቱም ስለ ጀሶ ነበር። የጀሶ ድንጋይ በእሳት ሲጠበስ ውሃው በእንፋሎት ይወጣና ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ እንደ ገና በውሃ ሲለወስ ያንኑ ያጣውን ውሃ መልሶ ይወስዳል፤ ስለዚህም ይደነድናል። ዛሬ የተሰበረ እጅ በሐኪም ቤት በጀሶ ሲታሰር የሚሆነው ይኸው ነው። ላቯዚዬ ይህን ያወቀው በሚዛን ነው። ድንጋዩ ሲጠበስ ምን ያህል እንደ ጐደለ መዘነ፤ የወጣውን ውሃም መዘነ፤ ከዚያም ሁለቱን አስተያየ።

እኛ የጎንደር ልጆች ይህን የመሰለ ነገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ዐፄ ፋሲለደስ ከ1636 ዓ. ም. ጀምሮ በመሠረቱት ከተማ የምናያቸው ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ኖራው 18 ኪሎ ውሃ ሲጠጣ 74 ኪሎ ይሆናል። ግንበኛው ለውሶ በድንጋዮች መካከል ካስገባው በኋላ ከአየር 44 ኪሎ ጋዝ ቀስ በቀስ መልሶ ይወስዳል፤ 18 ኪሎ ውሃም ይለቃል፤ በመጨረሻም እንደ ገና 100 ኪሎ ድንጋይ ይሆናል። በእቶኑ የጠፋ የመሰለው ሁሉ አልጠፋም፤ በግንቡ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል። ጋዙ በኖራ ድንጋይ ውስጥ መኖሩን በ1756 ዓ. ም. ያስረዳው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። ላቯዚዬም የእርሱን ሥራ አንብቦ ብዙ ተምሮበታል።

በ1768 ዓ. ም. ሁለት ነገሮች ሆኑለት። የሳይንስ አካዳሚ አባል አድርጎ መረጠው፤ በዚያው ዓመትም ግብር በኮንትራት ከሚሰበስብ ማኅበር ውስጥ ድርሻ ገዛ። ይህ ማኅበር ለንጉሡ አስቀድሞ ገንዘብ ይከፍልና የጨውን፣ የትምባሆንና ወደ ከተማ የሚገባውን ዕቃ ግብር ከሕዝቡ ይሰበስብ ነበር። ከዚህ ሥራ ያገኘውን ብዙ ገንዘብ ላቯዚዬ ሚዛንና ልዩ ልዩ መሣሪያ እያሠራበት ለምርምሩ አዋለው። ሚዛኖቹም በዘመኑ ከነበሩት እጅግ የረቀቁት ነበሩ። ይህን የግብር ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

በዚያን ዘመን ውሃ ለረጅም ጊዜ ቢፈላ ወደ አፈር ይለወጣል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ውሃ በመስታወት ዕቃ አፍልተው ሲያበቁ ከሥር ደቃቅ አፈር የመሰለ ዝቃጭ ያገኙ ነበርና። ላቯዚዬ እንፋሎቱ ወጥቶ እንዳይሄድ ተመልሶ ወደ ውስጥ በሚወርድበት ዝግ የመስታወት ዕቃ ውሃ ጨምሮ 101 ቀን ሙሉ አፈላው። ከማፍላቱ በፊትና በኋላ መዘነው፤ ክብደቱ አልተለወጠም። ውሃውን አውጥቶ ባዶውን ዕቃ ቢመዝነው ግን ዕቃው ራሱ ቀልሎ ተገኘ። የቀለለውም ከዝቃጩ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነበር። እንግዲህ ውሃው አፈር አልሆነም፤ የፈላው ውሃ መስታወቱን እየበላው ነበር እንጂ። ብዙ ሊቃውንት በክርክር ያልፈቱትን ጉዳይ እርሱ በትዕግሥትና በሚዛን ፈታው።

በ1770 ዓ. ም. ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ገባ። በዐፄ ተክለ ሃይማኖትና በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን እዚህ ቈይቶ ከጎንደር የወጣው በ1771 ዓ. ም. በዲሴምበር ወር ነው። በዚያው ወር ላቯዚዬ በፓሪስ ማሪ አን ፖልዝን አገባ። እርሱ 28 ዓመቱ፥ እርሷ ግን ገና 13 ዓመቷ ነበር። አባቷ ለአንድ የሸመገለ መኰንን እንድትዳር ስለ ተገደደ ከዚያ ለማዳን ሲል ለላቯዚዬ ሰጣት። ቢሆንም ልጅ ናት። ዛሬ በአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን አልፎ መሄድ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ማሪ አን ግን በባሏ ጥላ ሥር የምትቀር ሴት አልነበረችም። እንግሊዝኛ ተምራ የእንግሊዞችን የኬሚስትሪ ጽሑፍ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰች። ሥዕል ተምራ የመሣሪያዎቹን ሥዕል በገዛ እጇ ነደፈች። ሙከራ ሲካሄድ ቁጥሩን በደብተር የምትመዘግብ እርሷ ነበረች። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ሚዛኑ ብቻውን ምንም ባልጠቀመ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው እንምጣ። እናቶቻችን አንድ ኬሻ ከሰል አንድደው በመጨረሻ የሚያገኙት ጥቂት አመድ ነው። ስለዚህ ነገር ሲነድ የሚጠፋ ይመስላል። በላቯዚዬ ጊዜ የነበሩት ሊቃውንትም በሚነድ ነገር ውስጥ ፍሎጂስቶን የሚባል አንድ ነገር አለ፤ ሲነድ እርሱ ይወጣል ይሉ ነበር። ነገር ግን ብረታ ብረት በእሳት ሲቃጠል ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከውስጡ አንድ ነገር ወጥቶ ሳለ እንዴት ይከብዳል? ላቯዚዬ በ1772 ዓ. ም. ድኝና ፎስፎረስ ሲነዱ ክብደታቸው እንደሚጨምር አገኘ፤ ይህንንም በታሸገ ወረቀት ለአካዳሚው አስረከበ። ቀጥሎም ቲን የሚባለውን ብረት በተደፈነ ዕቃ ውስጥ አቃጠለ። ዕቃው ተደፍኖ ሳለ ጠቅላላው ክብደት አልተለወጠም። ሲከፈት ግን አየር እየተሳበ ገባ፤ ክብደቱም ጨመረ። ስለዚህ ብረቱን ያከበደው ከአየር የወሰደው ነገር ነው።

ከአየር የሚወሰደው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የረዳው ሌላ ሰው ነው። በ1774 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ከቀዩ የሜርኩሪ ዱቄት አዲስ ጋዝ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ወደ ፓሪስ መጥቶም ለላቯዚዬ ነገረው። ስዊድን አገር የነበረው ሼሌም ይህንኑ ጋዝ ከዚያ በፊት አግኝቶት ነበር። ላቯዚዬ ሜርኩሪን 12 ቀን በዝግ አየር ውስጥ አሙቆ አየሩ ምን ያህል እንደ ጐደለ ለካ፤ ቀዩን ዱቄት እንደ ገና አሙቆም የጐደለውን አየር መልሶ አገኘ። ጋዙንም ኦክሲጂን ብሎ ሰየመው። ፍሎጂስቶን የሚባል ነገር እንደሌለና መንደድ ማለት ከኦክሲጂን ጋር መዋሐድ እንደ ሆነ ያስረዳው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ለፕሪስትሊና ለሼሌ የሚገባቸውን ምስጋና በጊዜው አሟልቶ አለመስጠቱ የሚነቀፍበት ነው።

በ1775 ዓ. ም. የመንግሥት የባሩድ ሥራ ኀላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በዚያም ትልቅ ላቦራቶሪ አቋቋመ። የዕለት ሥራው ብዙ ስለ ነበር ለሳይንስ የሚሆነው ከጧቱ በ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ ከምሽቱም ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሙሉውን ለሙከራ ይሰጥ ነበር። እኛ ጊዜ አጣን የምንል ተማሪዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው። በ1783 ዓ. ም. ከላፕላስ ጋር ሆኖ ሃይድሮጂንን በኦክሲጂን አንድዶ ውሃ አገኘ፤ እንግሊዛዊው ካቨንዲሽም ይህን ቀድሞ ሠርቶት ነበር። ከጥንት ጀምሮ እንደ አንድ ቀላል ባሕርይ ይቈጠር የነበረው ውሃ የሁለት ጋዞች ውሑድ መሆኑ ታወቀ። እኔ በፈተና ያበላሸሁት እኩልታም ይኸው ነው።

በ1789 ዓ. ም. ታላቁን የኬሚስትሪ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያም ከዚያ ወዲያ ሊከፈሉ የማይችሉ ያላቸውን 33 ነገሮች ዘረዘረ። ብርሃንንና ሙቀትን ከእነዚሁ ጋር መቊጠሩ ስሕተት ነበር። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስለ መፍላት የጻፈው ክፍል ነው። የወይን ጭማቂ እንዴት ወደ ወይን ጠጅ እንደሚለወጥ ለማወቅ ስኳሩን፣ ውሃውንና እርሾውን መዝኖ ካስገባ በኋላ የወጣውን አልኮልና ጋዝ መዘነ። ከዚያም በማናቸውም ሥራ ከለውጡ በፊት የነበረው ነገር ሁሉ ከለውጡ በኋላ በልኩ መገኘት እንዳለበት ደነገገ፤ የገባውን በአንድ ወገን፥ የወጣውን በሌላ ወገን አድርጎ እንደ አልጀብራ እኩልታ አቆመው። በዚህ ነገር የግብር ሰብሳቢው ሒሳብና የሊቁ ሳይንስ ተገናኝተዋል፤ ገቢና ወጪ እኩል ካልሆኑ አንድ ቦታ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ።

ይህ ሥራ በእኛም ቤት ይታያል። ጠጅ ሲጣል ማሩ ይፈላል፤ አረፋም ያወጣል። በማሩ ውስጥ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር አንዱ ሞለኪውል 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጂንና 6 ኦክሲጂን አለው። እርሱም 2 ሞለኪውል አልኮልና 2 ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሁለቱ አልኮሎች 4 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጂንና 2 ኦክሲጂን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ጋዞች 2 ካርቦንና 4 ኦክሲጂን ይይዛሉ። ደምሩት፤ የገባው ሁሉ ወጥቷል። አረፋው ባዶ ነገር አይደለም፤ የማሩ ድርሻ ነው።

እርግጥ ላቯዚዬ አቶምን አልቈጠረም፤ የመዘነው ክብደት ነው። የአቶምን ትምህርት ጆን ዳልተን በ1808 ዓ. ም. በመጽሐፍ አወጣው፤ ዛሬ የምንጽፋቸውን የፊደል ምልክቶች ከ1813 ዓ. ም. ጀምሮ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው። ሚዛኑ ግን የላቯዚዬ ነው። መምህራችን ይህን ካነበብሁ በኋላ ያስጠኑኝን ዘዴ ለታናናሾቼ ላካፍል። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ዐይነት አቶም በግራና በቀኝ ለየብቻ ቊጠሩ። ሁለተኛ፥ በጥቂት ቦታ ብቻ ከሚገኘው ጀምሩ፤ ብቻውን የቆመውን ኤለመንት ለመጨረሻ አቈዩት። ሦስተኛ፥ መለወጥ የምትችሉት ከፊት የሚጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። የግርጌውን ትንሽ ቁጥር አትንኩት፤ እርሱ የነገሩ ማንነት ነውና። በመጨረሻም ሁለቱን ወገን እንደ ገና ቊጠሩ፤ ቁጥሮቹም ከዚያ በታች ሊካፈሉ የሚችሉ እንደ ሆነ አካፍሏቸው።

ምሳሌ የሚሆነን የብረት ዝገት ነው። በዝገቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ትተን ብረትና ኦክሲጂንን ብቻ እንቊጠር። በግራ አንድ ብረትና ሁለት ኦክሲጂን አለ፤ በቀኝ ያለው ዝገት 2 ብረትና 3 ኦክሲጂን ይዟል። ሁለትና ሦስት የሚገናኙት በ6 ነው። ስለዚህ 3 ሞለኪውል ኦክሲጂን በግራ፥ 2 ዝገት በቀኝ እንጽፋለን። ሁለቱ ዝገቶች 4 ብረት ስለ ያዙ በግራም 4 ብረት እናደርጋለን። አሁን በሁለቱም ወገን 4 ብረትና 6 ኦክሲጂን ሆነ። ውሃውም እንዲሁ ነው፤ 2 ሞለኪውል ሃይድሮጂንና 1 ሞለኪውል ኦክሲጂን 2 ሞለኪውል ውሃ ይሰጣሉ። ውሃው ውሃ ሆኖ ቀረ፤ ቁጥሩ ብቻ ጨመረ።

ወደ ግብሩ ነገር እመለሳለሁ። በፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ እጅግ የሚጠላቸው ግብር ሰብሳቢዎቹን ነበር። ድኻው ጨው ሲገዛ ከባድ ግብር ይከፍላል። ዕቃ ግብር ሳይከፈልበት ወደ ፓሪስ እንዳይገባ ከተማውን የሚከብ የኬላ ግንብ ተሠርቶ ነበር፤ ያንንም ሐሳብ ያቀረበው ላቯዚዬ ነው። በደግነቱም የሚነገር አለ፤ በ1788 ዓ. ም. ረኀብ በሆነ ጊዜ ለብሏ ከተማ እህል መግዣ ያለ ወለድ ገንዘብ አበድሯል። ይሁን እንጂ ጥላቻው ከደግነቱ በለጠ። ቀድሞ ስለ እሳት የጻፈው ጽሑፍ በላቯዚዬ የተነቀፈበት ማራ የሚባል የአብዮቱ ጸሐፊም በጋዜጣው ወቀሰው። በ1793 ዓ. ም. የሳይንስ አካዳሚው ተዘጋ፤ በኖቬምበር ወርም ግብር ሰብሳቢዎቹ ታሰሩ። ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ትምባሆውን ውሃ እያጠጡ ክብደቱን ጨምረው ሸጡ የሚል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሚዛን የኖረው ሰው በመጨረሻ የተከሰሰው በሚዛን ነው።

ሜይ 8 ቀን 1794 ዓ. ም. ፍርዱ በተሰጠበት በዚያው ቀን ላቯዚዬና ሌሎች 27 ሰዎች አንገታቸው ተቈረጠ። የማሪ አን አባትም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ላቯዚዬ ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። ማሪ አን በአንድ ቀን አባቷንና ባሏን አጣች፤ ንብረቷም ተወረሰ። ብዙ ሳይቈይ መንግሥት ተለውጦ ንብረቱ ተመለሰላት። እርሷም የባሏን የመጨረሻ ጽሑፎች ሰብስባ አወጣች። ያረፈችው በ1836 ዓ. ም. ነው።

ስለዚህ ሰው ምን እንፍረድ? በእኔ አስተያየት ሞቱ ግፍ ነው፤ ሙከራዎቹም ለዓለም ሁሉ ጠቅመዋል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ የተገዙበት ገንዘብ ከማን ጓዳ እንደ ወጣ የሚያሳይ መስመር በመዝገቡ ላይ ጐልቶ አልተጻፈም። በላቦራቶሪው ጭሱን እንኳ ሳይቀር የመዘነው ሰው ከደጁ ውጭ ያለውን ወገን በዚያው ጥንቃቄ አልቈጠረም። የእርሱን ትምህርት በእርሱ ላይ ብናውለው የሚቈጣ አይመስለኝም።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ መምህራችን በክፍል ውስጥ አንድ ሙከራ እንዳሳይ ፈቀዱልኝ። ለዚህም ሚዛን አስፈለገኝ፤ ደህና ሚዛን ያለው ደግሞ በእናቴ ሱቅ ነው። ሚዛኑን ለመጠየቅ አስቀድሜ ስለ ዘይቱና ስለ ጨው፥ ገንዘቡንም ለማን እንደ ሰጠሁ ሁሉን መናገር ነበረብኝ። ተናገርሁ። እናቴ ሰምታ ዝም አለች። በማግሥቱ ግን ሚዛኑን ለእኔ አላስያዘችኝም፤ ራሷ ይዛው ትምህርት ቤት መጣች።

በትልቅ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ አቼቶ ጨመርን፤ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳም በቀጭን ወረቀት ጠቅልለን ከተትንና ወዲያው ክዳኑን ጠበቅ አድርገን ዘጋነው። መዘንነው። ወረቀቱ ርሶ ሲፈታ ሶዳው ፈላ፤ ጠርሙሱም ተነፍቶ ደነደነ። እንደ ገና ብንመዝነው ክብደቱ ያው ነው። መምህራችን ክዳኑን ቀስ ብለው ሲከፍቱት ጋዙ እየተነፈሰ ወጣ፤ ሚዛኑም ጥቂት ግራም ወረደ። ይህን ሙከራ ያለ መምህር ማንም እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ፤ ሶዳው ከበዛ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላልና። ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ እናቴ ግን ሚዛኑን ነበር የምታየው። ከዚያም የወጣውን ካልጻፋችሁት ጠርሙሱ ሰረቀን ትላላችሁ ማለት ነው ብላ መምህሩን ጠየቀቻቸው። ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ ከማንም አልሰማሁም።

ያን ዕለት ማታ ደብተሩን መለሰችልኝ። ቁልፉ ግን እስካሁን በመቀነቷ ነው። በየማታው መደርደሪያውን እኔ እቈጥራለሁ፤ እርሷ ደግሞ ከኋላዬ ትቈጥራለች። ለጓደኛዬ ያበደርሁትንም ገንዘብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያመጣልኝ በስሙ እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በጥምቀት ጊዜ የቀሐ ውሃ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲገባ ሁላችንም እናያለን። ከወንዙ የተቀነሰው በገንዳው ይገኛል፤ ከገንዳውም የወጣው የሄደበት ቦታ አለው። በደብተራችሁ እኩልታ ሲያስቸግራችሁ ይህን አስቡ፤ በግርጌ ያለውን ቁጥር ለመንካት እጃችሁ ሲያሳክካችሁም ዘይቱንና ጨውን አስታውሱ። የጐደለውን ፈልጉት፤ አንድ ቦታ አለና።